የማይለምነውን ቤት ማን ያውቀዋል?

የረመዳን ወር ሲገባ የሰፈራችን መልክ ይለወጣል። ከዐስር ሶላት በኋላ የሳምቡሳው ዘይት በየደጁ ይጣዳል፤ ቴምር በካርቶን እየተጫነ ከመርካቶ ወደየክፍለ ሀገሩ ይሄዳል፤ በየመስጂዱ ግቢ የኢፍጣር ሰሃን ይደረደራል። ረመዳን የእጅ መዘርጊያ ወርም ነው። ዓመቱን በሥራ ተጠምዶ የከረመው ነጋዴ የዘካ ሒሳቡን ያወጣል፤ ጅዳ፣ ሪያድና ዱባይ ያሉ ልጆቻችን ለቤተሰብና ለጎረቤት የሚሆን ገንዘብ ይልካሉ፤ ወጣቶቻችን ዱቄትና ዘይት እየሰበሰቡ ለአቅመ ደካሞች ያደርሳሉ። አልሐምዱሊላህ፤ ደስ የሚል ልማዳችን ነው።

ይሁንና በየዓመቱ የሚደጋገም ሌላ ነገርም እናያለን። አንዱ ቤት አራት ጊዜ ዱቄት ሲደርሰው፣ ከጎኑ ያለው ቤት በር አንድም ጊዜ ሳይንኳኳ ወሩ ያልቃል። ምክንያቱ ክፋት አይደለም። ሰጪው ብዙ ነው፤ ግን እርስ በርሱ አይነጋገርም። መስጂዱ የራሱ ስም ዝርዝር አለው። የወጣቶች ጀመዓው የራሱ አለው። የአካባቢው በጎ አድራጎት ማኅበር የራሱ፣ ወረዳውም የራሱ አላቸው። በአራቱም ዝርዝር ላይ የሚገኝ ቤት አለ፤ በአንዱም ላይ የሌለ ቤት አለ።

በዛሬው ጽሑፋችን የምናነሳው ይህንኑ ነው። ችግር የደረሰበትን ቤተሰብ የሚደግፉ መርሐ ግብሮች፣ የመንግሥት ሆኑ የመስጂድ፣ በሰፈሩ ያሉትን የበጎ አድራጎት ማኅበራት ከጅምሩ ሊያሳትፉ ይገባል እንላለን። ገንዘብ ስላላቸው አይደለም፤ ብዙዎቹ የላቸውም። ቤቱን ስለሚያውቁት ነው።

ያልጠየቀ ሁሉ አልቸገረውም ማለት አይደለም

ቁርኣን በሱረቱል በቀራህ 273ኛ አንቀጽ ላይ ስለ አንድ ዓይነት ችግረኛ ይነግረናል። ጨዋነቱ አፉን ስለያዘው ሰውን አስጨንቆ አይለምንም፤ የማያውቀው ሰው ሲያየው ያለው ይመስለዋል። የሚያውቀው ግን ከሁኔታው ይለየዋል።

ይህ ሰው ዛሬ በየሰፈራችን አለ። ከግንባታ ላይ ወድቆ እግሩ ተሰብሮ ወራት ያስቆጠረ የቀን ሠራተኛ አለ። ልጇ ከአረብ አገር ደመወዟን ሳትቀበል የተመለሰችባት፣ ለጉዞው የተበደረችው ዕዳ ግን ያልተመለሰላት እናት አለች። ደመወዙ በቤት ኪራይ አልቆ ቀሪውን ወር በዱቤ የሚገፋ መምህር አለ። ከቀያቸው የተፈናቀሉ ዘመዶቹን በአንዲት ክፍል ተቀብሎ ያለውን አብሯቸው የሚቆርስ አባወራ አለ። እነዚህ ሰዎች በመስጂድ በር ላይ አይሰለፉም። ለኢፍጣር ስትጠራቸው እንኳ “እኛ ደህና ነን፤ ለሌላው ይሁን” ይላሉ።

ታዲያ እነዚህን ቤቶች ማን ያውቃቸዋል? የዱቤ መዝገቡ እየረዘመ የመጣበት ባለ ሱቅ ያውቃል። ልጁ ከቁርኣን ትምህርት መቅረቱን ያየ ኡስታዝ ያውቃል። ለቅሶ ቤት ገብተው ጓዳውን ያዩ የእድር እናቶች ያውቃሉ። በሐረር ለሠርግና ለሐዘን የተቋቋሙት የወንዶችና የሴቶች አፎቻዎች የአባላቸውን ቤት ያውቃሉ። በወሎ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድነት የሚቀባበርበት ቅሬ ማን እንደታመመ፣ ማን እንደተቸገረ ያውቃል። በየሰፈሩ የቲሞችን የሚያሳድጉ፣ አረጋውያንን የሚያበሉ፣ ተማሪዎችን በደብተርና በዩኒፎርም የሚረዱ ትንንሽ ማኅበራትም አሉ። እነሱ ያላቸው ትልቁ ሀብት ይህ እውቀት ነው።

ዘካ ከመነሻው የአካባቢ ነው

የአካባቢን ማኅበራት ማሳተፍ ከሌላ የተዋስነው አዲስ አሠራር የሚመስለው ሰው ካለ፣ የሙዓዝ ኢብኑ ጀበልን ታሪክ ያስታውስ። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ሙዓዝን ወደ የመን ሲልኳቸው ስለ ዘካ የሰጧቸው መመሪያ ግልጽ ነበር፤ ከዚያው ሕዝብ ባለጸጎች ተወስዶ ለዚያው ሕዝብ ድሆች ይመለሳል። ብዙ ዑለማዎች ከዚህ ተነሥተው ዘካ በተሰበሰበበት አካባቢ ያለው ችግረኛ ቅድሚያ እንዳለው አስተምረዋል።

ሱረቱ አት-ተውባህ 60ኛው አንቀጽ ዘካ የሚገባቸውን ስምንት ወገኖች ይዘረዝራል። ከድሆችና ከሚስኪኖች ቀጥሎ ሦስተኛው ወገን በዘካ ሥራ ላይ የተሰማሩት መሆናቸውን ልብ ይሏል። ዘካ ሰብሳቢ፣ መዝጋቢና አከፋፋይ ያስፈልገዋል፤ ለዚህ ሥራ የሚደክም ሰውም ከዚያው ድርሻ አለው ማለት ነው። ባለ ዕዳውና መንገደኛውም በዝርዝሩ ውስጥ አሉ። የሕክምና ዕዳ የተከመረበት ቤት ወይም ከቀዬው ወጥቶ መመለሻ ያጣ ሰው በዘካ ሊረዳ የሚችልበት መንገድ ክፍት ነው። ዝርዝር ፍርዱን የሰፈራችሁን ዓሊም መጠየቅ ይበጃል።

ስለ መጠኑም እናስብ። የዘካ ግዴታ የሚመጣው ሀብቱ ኒሷብ ሲደርስና ዓመት ሲሞላው ነው። ኒሷቡ በወርቅ ሲሰላ 85 ግራም ነው፤ የሚወጣውም 2.5 በመቶ ነው። 2 ሚሊዮን ብር ላይ ዘካ የሚያወጣ ነጋዴ 50 ሺህ ብር ይሰጣል። ይህን ለ50 ሰው ቢበትነው ለእያንዳንዱ 1 ሺህ ብር ይደርሳል፤ ገንዘቡም በጥቂት ቀን ያልቃል። የሻፊዒይ መዝሀብ ሊቅ ኢማም አን-ነወዊ ግን ሙያ ያለው ድሃ የሙያውን መሣሪያ መግዣ ሊሰጠው እንደሚችል ጽፈዋል። ለሰፊው የልብስ ስፌት መኪና፣ ለአናጢው መጋዝና መሮ፣ ለእንጀራ ጋጋሪዋ ምጣድና የጤፍ መነሻ ይሆናል። የዛሬ ዓመት ተቀባይ የነበረው ሰው የከርሞ ሰጪ የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው።

ይሁን እንጂ ነጋዴው ብቻውን ሆኖ ማን መስፋት እንደሚችል፣ ማን ጋግራ መሸጫ ቦታ እንዳላት ከየት ያውቃል? መኪናው ተገዝቶ ከተሰጠ በኋላስ ሥራ መጀመሩን ማን ያያል? እዚህ ላይ ነው የሰፈሩ ማኅበር የሚያስፈልገው።

የመንግሥት ድጋፍ እና የቀረው ክፍተት

መንግሥትም የራሱ መርሐ ግብሮች አሉት። የገጠሩ ልማታዊ ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም. ተጀምሯል። የከተማው ደግሞ በ2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በ10 ሌሎች ከተሞች ጀምሮ በኋላ ወደ ብዙ ከተሞች ሰፍቷል። መሥራት የሚችሉ የቤተሰብ አባላት በጽዳት፣ በአረንጓዴ ልማትና በመሳሰሉት ሥራዎች ላይ ተሰማርተው ክፍያ ያገኛሉ፤ ከሚያገኙትም 20 በመቶ እንዲቆጥቡ ይደረጋል። መሥራት ለማይችሉት አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና ጽኑ ሕሙማን ቀጥታ ድጋፍ አለ። በማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅንም መክፈል የማይችሉ ድሆች መዋጮ በመንግሥት የሚሸፈንበት አሠራር አለ።

እነዚህ ቀላል ነገሮች አይደሉም። ግን ምልመላ በተወሰነ ጊዜ ይካሄዳል፤ ችግር ደግሞ ቀጠሮ አይጠብቅም። ዝርዝሩ ከተዘጋ በኋላ ባሏ የሞተባት ሴት ቀጣዩን ዙር መጠበቅ አለባት። ኪራይ ጨምሮባት ከአንድ ወረዳ ወደ ሌላ የሄደች እናት መታወቂያዋን እስክትቀይር በሁለቱም ቦታ የለችም። ማንበብ የማይችሉ አዛውንት ደግሞ ምን እንደሚገባቸው እንኳ አያውቁም፤ ቢያውቁም ቢሮ ለቢሮ የሚዞሩበት ጉልበት የላቸውም።

ይህን ክፍተት ሊሞላ የሚችለው ለቤቱ ቅርብ የሆነው ነው። የሰፈሩ ማኅበር ለወረዳው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት “ይህ ቤት ቀርቷል” ብሎ ይጠቁማል። አዛውንቱን ይዞ ቢሮ ይሄዳል። ወረፋው እስኪደርስ የወር አስቤዛ ያስይዛል። በነጻ ተጠቃሚነት ያልተመለመለውን ግን መክፈል ያቃተውን ቤተሰብ የጤና መድኅን መዋጮ ይከፍልለታል። የኪራይ ቤት ችግር ያለበትን ደግሞ በ2016 ዓ.ም. በወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ መሠረት ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ ያግዘዋል። አንድ ኬሻ ዱቄት ለሳምንታት ይበላል፤ የተመዘገበ የኪራይ ውል ግን ልጆችን በትምህርት ቤታቸው ያቆያል።

ለዚህ ሥራ በሩ ከቀድሞው ይልቅ ክፍት ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 የቀድሞውን ሕግ ብዙ ገደቦች አንሥቷል፤ የድርጅት አስተዳደራዊ ወጪም ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ደንግጓል። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት አግኝቷል። ስለዚህ መስጂዱም ማኅበሩም ከወረዳው ጋር በወንበር ተቀምጠው በወረቀት መስማማት ይችላሉ።

አንድ መዝገብ፣ ሁለት ከረጢት

አብሮ መሥራት ሲባል ብዙዎቻችንን የሚያሳስበን ጥያቄ አለ። ዘካ ዒባዳ ነው፤ ለማን እንደሚሰጥ አላህ ወስኗል። በአብዛኞቹ ዑለማዎች ዘንድ የግዴታ ዘካ የሚሰጠው ለሙስሊም ችግረኛ ነው። የመንግሥት መርሐ ግብርና የብዙ በጎ አድራጎት ማኅበራት ሥራ ግን ሃይማኖት አይለይም። ታዲያ እንዴት ይቀናጃል?

መልሱ አስቸጋሪ አይደለም። የሚጋራው መረጃው እንጂ ገንዘቡ አይደለም። የመስጂዱ የዘካ ኮሚቴ ከረጢቱን ለብቻው ይይዛል፤ በሸሪዓው መሠረትም ለሚገባው ያደርሳል። ሰደቃ ደግሞ በሌላ ከረጢት ይቀመጣል፤ ሰደቃ ለጎረቤት ሁሉ፣ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም ይደርሳል። የወሎው ቅሬ ለዘመናት ያስተማረን ይህንን ነው፤ ሐዘንና ችግር የጎረቤትን ሃይማኖት አይጠይቁም። መዝገቡ አንድ ሲሆን ማን ምን እንዳገኘ ይታወቃል፤ ለእያንዳንዱ ቤትም የሚስማማው ከረጢት ይከፈታል።

የዘካተል ፊጥርን ምሳሌ እንውሰድ። በነፍስ ወከፍ አንድ ቁና ወይም ሷዕ፣ ማለትም ከ2.5 እስከ 3 ኪሎ ግራም የሚሆን የአካባቢው ዋና ምግብ ይወጣል፤ ሕፃኑም ይቆጠራል። ስድስት ነፍስ ያለበት ቤት ቢያንስ 15 ኪሎ ያወጣል። ይህ ከኢድ ሶላት በፊት ለችግረኛው መድረስ አለበት። ዓላማው የጾመኛውን ጉድለት መጥረግና ድሃው በኢድ ቀን እንዳይቸገር ማድረግ ነው። ችግረኛ ቤቶችን የሚቆጥር መዝገብ ቀደም ብሎ ከሌለ ግን በመጨረሻው ሌሊት ሁሉም እህሉን ይዞ ወደሚያውቀው አንድ ቤት ይሮጣል። ሲነጋ አንዱ ጋ ኩንታል ተከምሮ፣ ሌላው ባዶ ይውላል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ማንሳት ይገባል። የእድር ዝርዝር ብቻውን አይበቃም። እድር ወርኃዊ መዋጮ አለው፤ መዋጮውን መክፈል ያቃተው ከእድር ይወጣል፤ ስለዚህ ከሁሉ የባሰበት ሰው በእድሩ መዝገብ ላይ ላይኖር ይችላል። የመስጂድ ዝርዝርም ብቻውን አይበቃም፤ በሽተኛውና ሕፃናት የምትጠብቀው እናት ለጀመዓ ሶላት አይመጡም። ኮሚቴው ዘመዶቹን ብቻ እንዳይመርጥም ምርጫው ከአንድ በላይ በሆኑ ሰዎች መረጋገጥ አለበት። በኮሚቴው ውስጥ ሴቶች መኖራቸው ግድ ነው የምንለውም ለዚህ ነው። ጓዳ የምትገባው ሴት ናት፤ የተቸገረችው እናትም የልቧን የምትነግረው ለሴት ነው።

ክብር የሚጠብቅ አሰጣጥ

ዛሬ ዛሬ ዱቄት ሲሰጥ ስልክ ይነሳል፤ ፎቶው አመሻሽ ላይ በማኅበራዊ ሚዲያ ይለቀቃል። ለጋሾች ገንዘባቸው መድረሱን ማየት እንደሚፈልጉ እንረዳለን። ግን ፎቶው ላይ ያለችው እናት ልጅ በማግስቱ ትምህርት ቤት ይሄዳል፤ ጓደኞቹም ያዩታል። ሱረቱል በቀራህ በ264ኛው አንቀጽ ሰደቃን በመመጻደቅና ተቀባዩን በመጉዳት እንዳናበላሽ ያስጠነቅቃል። በ271ኛው ደግሞ በግልጽ መስጠት መልካም ሆኖ፣ ለድሆች በስውር መስጠቱ የበለጠ መልካም መሆኑን ይነግረናል።

ለጋሹን ለማሳመን ሌላ መንገድ አለ። ስም በቁጥር ተተክቶ “ለ40 ቤት ይህን ያህል ገባ፣ ይህን ያህል ወጣ” የሚል ሒሳብ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ቢነበብ ይበቃል። ደረሰኝ፣ የሁለት ሰው ፊርማና በዓመት አንድ ጊዜ የሒሳብ ምርመራ ከፎቶ ይልቅ ያሳምናል። የቤተሰቡ ስም፣ ሕመሙና ዕዳው አማና ነው፤ ከኮሚቴው አይወጣም። ለወረዳው ወይም ለሌላ ማኅበር ሲተላለፍም ቤተሰቡ ተጠይቆ ሲፈቅድ ብቻ ነው።

ከኢድ ማግስት

የረመዳን ችሮታ ትልቁ ፈተና ሸዋል ሲገባ ይታያል። ኢፍጣሩ ያበቃል፤ መኪኖቹ አይመጡም፤ የቤት ኪራዩ ቀን ግን ይደርሳል። በረመዳን ብቻ የሚረዳ ቤት አንድ ወር በልቶ አሥራ አንድ ወር ይጨነቃል። በሌላ በኩል የሰፈሩ ማኅበር በዙል ሒጃም በሙሐረምም እዚያው ነው። ክረምት ሲገባ የሚያፈስሰውን ጣሪያ፣ መስከረም ላይ የሚገዛውን ደብተር የሚያውቀው እሱ ነው። ዘካ ከፋዩ ከወጣው ገንዘብ ከፊሉን በረመዳን፣ ሌላውን ለአንድ ቤተሰብ መቋቋሚያ አድርጎ በአካባቢው ማኅበር ክትትል እንዲሰጥ ቢመድብ፣ የወሩ በረካ ዓመቱን ይሸፍናል።

እንግዲህ ዘንድሮ እያንዳንዱ ቤተሰብ ምን ማድረግ ይችላል? በመጀመሪያ ለሰፈሩ መስጂድ ኮሚቴ ሦስት ጥያቄ ያቅርብ፦ የችግረኞች መዝገብ አለን ወይ? ከሌሎቹ ማኅበራትና ከወረዳው ጋር ተነጻጽሯል ወይ? በኮሚቴው ውስጥ ሴቶች አሉ ወይ? መልሱ “የለም” ከሆነ ለወቀሳ አንቸኩል፤ እንርዳቸው። መዝገብ መያዝ የሚችሉ ተማሪዎች፣ ሒሳብ የሚያውቁ ልጆች በየቤታችን አሉ። ከተራዊህ በኋላ የሚሠራ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው።

ሁለተኛ፣ ከኢፍጣር በፊት ልጆቻችንን ሰሃን አስይዘን ስንልክ ከለመድነው ደጃፍ አልፎ ያለውን እናስብ። ከግራና ከቀኝ ያለውን ጎረቤት “እንዴት ከረማችሁ?” ማለት ወጪ የለውም። ችግር መኖሩን ካየን በሰው ፊት ሳናነሳ ለኮሚቴው ወይም ለማኅበሩ በጆሮ እንንገር።

ሦስተኛ፣ ከውጭ አገር ገንዘብ የሚልኩ ዘመዶቻችንን እናማክር። አብዛኛው ሐዋላ የሚሄደው ሰው አረብ አገር ወይም አሜሪካ ወዳለው ቤት ነው። ውጭ ማንም የሌለው ጎረቤትም አለ። ከሚላከው ጥቂቱ በሰፈሩ መዝገብ በኩል ለዚያ ቤት ቢደርስ አጅሩ ለላኪውም ለአደራሹም ነው።

አራተኛ፣ ለከርሞ ዝግጅቱ በረጀብና በሻዕባን ይጀመር። ኢማሙ፣ የእድሩ ወይም የአፎቻው ሰብሳቢ፣ የበጎ አድራጎት ማኅበሩ ተወካይና የወረዳው ባለሙያ ለአንድ ከሰዓት በኋላ ተቀምጠው አራቱን ዝርዝር ጎን ለጎን ቢያስቀምጡ፣ የተደጋገመው ይለያል፤ የቀረውም ይታወቃል። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። መተማመን ግን ይጠይቃል፤ መተማመን ደግሞ በአንድ ቀን አይመጣምና ዛሬ መጀመር ይኖርበታል።

በኢድ ጠዋት ተክቢራ እያሰማን ወደ ሶላት ስንወጣ በየመንገዳችን የምናልፋቸው በሮች ብዙ ናቸው። ከእነዚያ በሮች በስተጀርባ ማን ቁርስ እንዳለው፣ ማን እንደሌለው ቀድሞ የሚያውቅ ሰው በሰፈራችን ይኑር። አላህ ጾማችንንና ዘካችንን ይቀበለን። ረመዳን ሙባረክ።